በድብቅ የሰማች ጆሮ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን እስኪነጋ ድረስ ሌሊቱን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልገልጽላችሁ ያሰብሁት፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሆላንድ ሕዝብ በገዛ እጁ በሠራው ራዲዮ እንዴት አድርጎ ሌሊቱን እንደ ጠበቀ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሆላንዶች ከራዲዮ ጋር የተዋወቁት ቀደም ብለው ነበር። ሀንሶ ኢድዘርዳ የሚባል መሐንዲስ አስቀድሞ በጋዜጣ አስታውቆ፥ ኖቬምበር 6 ቀን 1919 በዘ ሄግ ከተማ ካለው ቤቱ ሙዚቃ በራዲዮ አሰማ። ከአድማጮቹም ብዙዎቹ መቀበያቸውን ራሳቸው የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጣቢያው በገንዘብ ችግር ምክንያት በ1924 ቢዘጋም፥ ሽቦ የመጠቅለሉ ጥበብ ግን በሕዝቡ እጅ ቀረ።

በሜይ 1940 የጀርመን ጦር ሆላንድን ያዘ። ንግሥት ዊልሄልሚናና ሚኒስትሮቿ ወደ ሎንዶን ተሰደዱ። ከጁላይ 28 ቀን 1940 ጀምሮ «ራዲዮ ኦራንየ» የሚባል ዝግጅት በቢቢሲ አማካይነት በየማታው ለሩብ ሰዓት ያህል ለሆላንድ ሕዝብ ይናገር ጀመር። ጀርመኖች ይህን ማዳመጥ ከለከሉ፤ የተገኘም ይቀጣ ነበር። በሜይ 1943 ደግሞ ሕዝቡ ያለውን ራዲዮ ሁሉ እንዲያስረክብ አዘዙ። አብዛኛው ሰው አስረከበ፤ አንዳንዱ ግን ከወለል ሥር ሸሸገ፤ ሌላውም አዲስ ሠራ።

የሚሠራውም እንዲህ ነው። ቀጭን ሽቦ በክብ ነገር ላይ ይጠቀለላል። ጋሌና የሚባል የእርሳስ ማዕድን ቅንጣት ይያዝና ስለታም የሽቦ ጫፍ በቀስታ ይነካዋል። ረጅም ሽቦ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ሌላው ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ማዳመጫው በጆሮ ላይ ይደረጋል። ይህ መሣሪያ ባትሪም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ድምፁን የሚያሰማው ከአየር በተቀበለው ሞገድ ኀይል ብቻ ነው። ስለዚህ በ1944 መጨረሻ በምዕራብ ሆላንድ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥና ረኀብ ሲበረታ፥ ትልቁ ራዲዮ ዲዳ ሆኖ ሳለ ትንሹ በሹክሹክታ መናገር ይችል ነበር።

ጀርመኖችም የሎንዶንን ድምፅ ለማፈን በዚያው ሞገድ ላይ ጩኸት ይለቁ ነበር። ሕዝቡ ግን በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ሽቦ ጠቅልሎ የሚዞር አንቴና ሠራ። ይህ አንቴና ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ከዚያ የሚመጣውን ጩኸት ያዳክምና የተፈለገውን ድምፅ ያስቀር ነበር። ሆላንዶች በፌዝ «የጀርመን ወንፊት» ብለው ጠሩት። በእውነትም ገለባውን ከእህሉ የሚለይ ወንፊት ነበር።

ነገር ግን ይህ ወንፊት የጠላትን ጩኸት እንጂ የወዳጅን ስሕተት አያበጥርም ነበር። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1944 ማታ ብሬዳ የምትባለው ከተማ ነጻ ወጣች የሚል ዜና ከሎንዶን ተሰማ። በማግሥቱ ማክሰኞ ሕዝቡ ነጻ አውጪዎቹን ለመቀበል ባንዲራና አበባ ይዞ ወደ መንገድ ወጣ፤ ማንም ግን አልመጣም። ብሬዳ ነጻ የወጣችው ኦክቶበር 29 ቀን ነው፤ አምስተርዳምም እስከ ሜይ 1945 ድረስ ጠበቀች። ያ ቀን እስከ ዛሬ ድረስ «እብዱ ማክሰኞ» ይባላል።

ኢድዘርዳም የነጻነትን ቀን አላየም። የወደቀ ቪ-2 ሮኬት ስብርባሪ ሲሰበስብ ጀርመኖች ያዙትና በኖቬምበር 1944 በጥይት ገደሉት። ዕድሜው 59 ዓመት ነበር። የማወቅ ፍላጎቱ በወጣትነቱ ዝና፥ በሽምግልናው ሞት አመጣበት።

እኔ ይህን ታሪክ ስመረምር ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የመሣሪያው ትንሽነት ነው። አንድ መንግሥት በብዙ ሺሕ ወታደር የዘጋውን በር፥ ጥቂት ሽቦና አንዲት የማዕድን ቅንጣት ከፈቱት። ሆኖም ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ከእብዱ ማክሰኞ ነው። የተከለከለ ወሬ ስለ ተከለከለ ብቻ እውነት አይሆንም፤ የምንወደው ሰው ስለ ተናገረውም አይረጋገጥም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ በእኛ ዘመን ወሬ ሳንፈልገው በየኪሳችን ይመጣል፤ ማዳመጫ ለመሥራትም ሌሊት መንቃት አያስፈልገንም። የጎደለን ወንፊቱ ነው። እርሱን ግን ማንም በሱቅ አይሸጥልንም፤ እንደ ሆላንዶች በገዛ እጃችን መሥራት አለብን፤ የምንሠራበትም ቦታ ይህ ትምህርት ቤት ነው።