የሕፃን የመጀመሪያ ሰሌዳ

«ለልጄ የትኛውን ታብሌት ልግዛለት?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከመገናኛ ሱቆች አንሥቶ እስከ ኮተቤና እስከ አያት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ድረስ በወላጆች አፍ የሚመላለስ ሲሆን፣ ጠያቂዎቹም የመስተዋቱን ስፋት፣ የባትሪውን ዕድሜና የሚይዘውን ጊጋ አጥብቀው ሲመረምሩ ይታያሉ። ጥያቄው አዲስ የሚመስለው ዕቃው አዲስ ስለ ሆነ ነው እንጂ፣ ለሕፃን እጅ አስቀድሞ ምን ይሰጠው፣ ዓይኑስ አስቀድሞ በምን ላይ ይረፍ የሚለው አሳብ በእነዚሁ በየካና በእንጦጦ ተራሮች ላይ ከታብሌት ብዙ ዘመን አስቀድሞ ሲታሰብበትና መልስም ሲያገኝ የኖረ ነው።

እንጦጦ የመንግሥት መቀመጫ በነበረችበት፣ ዳግማዊ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት በዚያ ዘመን፣ ደብር ባለበት ሁሉ የኔታ አይጠፉም ነበርና፣ በማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሥር፣ ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት ስፍራ ሕፃናት ተሰብስበው ፊደል ይቈጥሩ ነበር። በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተፍቆ የተዘጋጀ፣ በመቃ ብዕርና ከጥላት በተበጠበጠ ቀለም የተጻፈ አንድ የብራና ገጽ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋራ የሚሄደው ሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ ፊደሉ የሚነካባት ስንደዶ ነበረች። እኔ በልጅነቴ ያየሁት አንድ አሮጌ ገበታ የ«ሀ» ቤት መጀመሪያው ከስንደዶው ብዛት ቀለሙ ሳስቶ፣ ብራናው ራሱ እንደ ተጠረበ እንጨት ለስልሶ ነበር፤ የ«ፐ» ቤት ግን ትናንት የተጻፈ ይመስል ጥቍረቱ እንዳለ ነበር። ስንቱ ሕፃን ጀምሮ ስንቱ ከፍጻሜው እንደ ደረሰ ያ ገበታ ያለ ቃል ይመሰክር ነበር ማለት ነው። (በወሎ የቁርኣን ልጆች የሚይዙት የእንጨት ሉሕም ተጽፎ ከተጠና በኋላ በውኃ እየታጠበ እንደ ገና ስለሚጻፍበት፣ ጽፎ መደምሰስን ከዛሬው ታብሌት አስቀድሞ ያውቅ ነበር።)

በገበታው ላይ ያለው ነገር ቍጥሩ የታወቀ ነው። በግእዙ 26 ፊደላት ላይ አማርኛ የራሱን 7 ጨምሮ 33 ይሆናሉ፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ስላላቸው በጠቅላላው 231 ናቸው። ይህን ሁሉ ሕፃን በዜማ ይይዘዋል፤ ጆሮው ከዓይኑ ይፈጥናልና። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ በዚህ ላይ አንድ ጥበብ የተሞላበት ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ሲያዜም ፊደሉን ያየ ይመስላል እንጂ፣ ዜማው ምላሱን እየመራው ዓይኑ ከሰማይ ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ሀ ሁ ከተያዘ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ የሚባለውን ሌላ ተራ አመጡ፤ በዚህም አንዱ ፊደል በግእዙ፣ ቀጣዩ በካዕቡ፣ ሦስተኛው በሣልሱ፣ አራተኛው በራብዑ እየሆነ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ከመጀመሪያው እርምጃ ይሰናከላል፣ ፊደሉን ያወቀ ግን ያልፋል። ይህ የሕፃናት ፈተና ስሙ ከአገራችን ወሰን አልፎ፣ የሥነ ልሳን ሊቁ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እ.ኤ.አ. እንደ እኛ ፊደልና እንደ ሕንዶቹ ያሉትን የአጻጻፍ ዓይነቶች ሁሉ «አቡጊዳ» ብሎ እስከ መሰየም አድርሶታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ መልእክት ነው። ልጁ ይህን አንዱን ንባብ መጀመሪያ በቍጥር እያንዳንዱን ፊደል እየነጠለ፣ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይመላለስበታል፤ አዲስ መጽሐፍ የሚጨመርለትም አሮጌው ከአፉ ሳይደናቀፍ ሲወጣ ብቻ ነው። ዳዊት የደገመ ዕለትም ቤተሰቡ ይደግሳል፣ የኔታም ይመሰገናሉ። በዚያ ትምህርት ቤት የነበረውን አለንጋ የሚናፍቅ ካለ እኔ ከእርሱ ጋራ አይደለሁም፤ ሴቶች ልጆች በብዛት ከዚያ ቅጽር ውጭ መቅረታቸውም የሚያሳዝን ጕድለት ነው። ነገር ግን አንድን ነገር ብቻ በአንድ ገጽ ላይ አኑሮ፣ ልጁ መያዙን ሳያረጋግጡ ወደ ሌላ አለማለፍ፣ ያንንም የሚያረጋግጥ ሰው ከአጠገቡ ማስቀመጥ የዚያ ሥርዓት ታላቅ ሀብት ነበር።

በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከነጻነት በኋላም በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ጥቍር ሰሌዳና ጠመኔ ወደ ተራራው ግርጌ መጡ። ለሕፃን ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የወረቀቱ የፊደል ገበታ ነው። የቡልጋው ተወላጅ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ፊደሉን አሳትመው በየገበያው ባዳረሱት ጊዜ፣ የብራና ዋጋ ለማይችል ቤት ሁሉ ገበታው በጥቂት ሳንቲም የሚገኝ ሆነ፤ ስማቸው «ዘብሔረ ቡልጋ» ከሚለው ጋራ በስንት ቤት ግድግዳ ላይ ሲነበብ እንደ ኖረ የማያስታውስ የከተማችን ሽማግሌ ጥቂት ነው።

ታብሌት ለኢትዮጵያ ሕፃን መምህር ሆኖ የተሞከረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ እናድርስ የሚለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት፣ ትምህርት ቤት አይተው ለማያውቁ የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት፣ በሁለት መንደር ለየመንደሩ 20 ያህል የሞቶሮላ ታብሌቶች በታሸገ ሣጥን፣ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ፣ ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋራ አስቀመጠ። ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደ ተናገረው በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፣ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ጀመር፣ በሁለት ሳምንት ሕፃናቱ የእንግሊዝኛውን ፊደል በመዝሙር ይዘምሩ ነበር፣ በአምስት ወርም የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። አንድ ልጅም በሥዕል መሥሪያው ላይ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ።

ይህን ወሬ ሰምቶ በእነዚያ ሕፃናት የማይኰራ የለም፤ እኔም ኰርቻለሁ። ቢሆንም የአባቶቻችንን ጥርጣሬ የማውቅ በመሆኔ፣ በሁለት ሳምንት ስለ ተዘመረው መዝሙር ስሰማ ያ የማለዳው የእንጦጦ ዜማ ትዝ አለኝ። መዝሙሩ ሀ ሁ ነበር፤ አቡጊዳውስ ወዴት አለ? ደግሞም ልጁ አንበሳን አስቀድሞ የጻፈው አባቱና እናቱ በማይናገሩት ቋንቋ ነበር።

ፊደላችን በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ለመግባት መንገዱ የተጠረገለት በ1999 እ.ኤ.አ.፣ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል በመዘገበ ጊዜ ነው። በእኛው አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብሩክታዊት ትጋቡ ከባለቤትዋ ጋራ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀመረች፤ ጸሐይ የተባለችው ቀጭኔ አማርኛ ተናጋሪ ሆና ከየቤቱ ስትገባ፣ መስተዋቱ የሕፃኑን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሊናገር እንደሚችል በግልጽ ታየ።

ለምበረት አጠገብ ያለች አንዲት ጎረቤቴ ለአራት ዓመት ልጅዋ የገዛችውን ታብሌት አንድ ቀን አሳየችኝ። ሕፃኑ «ሀ»ን ሲነካ ድምፅ ይወጣል፣ «ሁ»ን ሲነካ ኮከብ ይበራል፤ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ያለ ስሕተት ጠራው። እኔም ሌሎቹን በእጄ ሸፍኜ «ሄ»ን ብቻ ሳሳየው ዝም አለ፤ ወደ እናቱ ተመለከተ። እናቱ የዚያን ዕለት ማታ ከአጠገቡ ተቀምጣ በወረቀት ላይ ፊደሎቹን እያደባለቀች ስትጽፍለት ነበር፤ በሳምንቱም «ሄ»ን ከየትም አንሥተው ቢያሳዩት ይለያት ጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን መስተዋት ጨርሶ እንዳይቀርብ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መምከሩን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያቺ አንዲት ሰዓት ከእናት ወይም ከአባት ጋራ ካለፈች ለአንድ ፊደል ቤት ትበቃለች።

እንግዲህ መገናኛ ወርዳችሁ ልትገዙ ከሆነ፣ ጊጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን የፊደሉን ፕሮግራም አስከፍቱትና ፊደሎቹን ከተራቸው አውጥቶ ሕፃኑን የሚጠይቅ መሆኑን በዓይናችሁ ተመልከቱ። የማይጠይቅ ከሆነ፣ የወረቀቱ የፊደል ገበታ ዛሬም በየመጻሕፍት መደብሩ ይሸጣልና፣ እርሱን ገዝታችሁ ከአንዲት ስንደዶ ጋራ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።