«የተሸጠ ቅጂ» በጃፓን የጌም ሰንጠረዥ

«የተሸጠ ቅጂ» የሚለው አነጋገር በጃፓን የቪዲዮ ጌም ሰንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ከሚመስለው የጠበበ ትርጉም አለው። ፋሚትሱ መጽሔት በየሳምንቱ የሚያወጣው ደረጃ ከሰኞ እስከ እሑድ በሱቆች የተሸጠውን የሚገምት ሲሆን፣ በዋናነት የሚቆጥረው በማሸጊያ የቀረበውን ቅጂ ነው። ተጫዋቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከኔንቴንዶ ኢሾፕ ወይም ከፕሌይስቴሽን ስቶር ያወረደው ጌም በሱቅ በኩል ስለማያልፍ ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። የዳውንሎድ ካርድ ነገር ግን ያወዛግባል። ካርዱ ኮድ እንጂ ዲስክ የለውም፤ ሆኖም ክፍያው ሱቅ ውስጥ ስለሚፈጸም ከሱቅ ሽያጭ ጋር የተደመረበት ጊዜ አለ።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ስፕላቱን 3 የተባለው የኔንቴንዶ ጌም መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ኔንቴንዶ በ3 ቀን ውስጥ በጃፓን ብቻ ከ3.45 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን አስታወቀ፤ ዳውንሎዱን ጨምሮ ማለት ነው። በፋሚትሱ ሰንጠረዥ ላይ የሰፈረው ግን ወደ 1.93 ሚሊዮን ነበር። አንዱ ሌላውን አያስተባብልም፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ በሳምንታዊው ሰንጠረዥ ብቻ «ጌሙ ከሰረ» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ በተለይ በአብዛኛው በዳውንሎድ ለሚሸጥ ጌም።