ጥላው ለማን ነው? መኪናን በፀሐይ የማጠብና በሰም የመወልወል አጭር ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የታሪክ ገለጻ ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ የተስተካከለ።)



ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ መድረክ የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። የመኪና እጥበት በዜና መዋዕል አይመዘገብም፤ ሐውልትም አይቆምለትም። ይሁን እንጂ ተራ የሚመስሉ ሥራዎች ተራ ያልሆኑ ሕጎችን ይዘው ይዞራሉ። የመኪና ሰም ወይም ፖሊሽ ገዝታችሁ ዕቃው ላይ የታተመውን መመሪያ ብታነቡ፣ በአብዛኛው አንድ ትእዛዝ አታጡበትም፦ ጥላ ሥር ሥሩ፤ በጋለ ገላ ላይ አትቀቡ። እኔም የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይህ ትእዛዝ ከየት መጣ? ምክንያቱስ ምንድን ነው? የሚጠብቀውስ ማንን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከመኪና በፊት ይወስደናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የባለጸጎች ሠረገላ የሚቀባው ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ በተሠራ ቫርኒሽ ነበር። ቫርኒሹ በየድርቡ እየደረቀ፣ እየተፋቀና እንደገና እየተቀባ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። እንዲህ የተደከመበት ገጽ ግን ስስ ነው። ስለዚህ በዘመኑ ለሠረገላ ጠባቂዎች የተጻፉ መመሪያዎች፦ ሠረገላውን በፀሐይ አትጠቡ፤ ውኃ በላዩ እንዲደርቅ አትተዉ፤ ከጋጣ የሚነሣው አሞኒያ ቫርኒሹን እንዳይበላው ከፈረሶቹ አርቃችሁ አቁሙ፣ ይሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የተሠሩት በሠረገላ ሠሪዎች እጅና በሠረገላ ቀለም ስለሆነ፣ ፈረሱ ሲቀር የአስተጣጠቡ ሥርዓት ሳይለወጥ ወደ መኪናው ተሻገረ። እንግዲህ ዛሬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የምናነበው ትእዛዝ ከሞተሩ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

ምክንያቱን በተመለከተ በየሰፈሩ የሚነገር አንድ ማብራሪያ አለ፤ የውኃ ጠብታ እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ቀለሙን ያቃጥላል የሚል። ማብራሪያው ያምራል፤ ግን አይጸናም። ለስላሳ ገጽ ላይ የተንጣለለ ጠብታ ብርሃኑን ቢሰበስብ እንኳ ጨረሩ የሚገናኘው ከገጹ በታች ርቆ ነው፤ ቀለሙ ላይ አያርፍም። እውነተኛው ጉዳት ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። ውኃ፣ በተለይም የጉድጓድ ውኃ፣ በውስጡ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው። ቆርቆሮው ሲግል ውኃው ጨርቅ ሳይደርስበት ይተናል፤ ማዕድኑና ሳሙናው ግን ነጭ ክብ ሠርተው ይቀራሉ፤ ከቆዩም ቀለሙን ይበላሉ። ሰሙም እንዲሁ ነው። ሰምን ለማቅጠን የተጨመረው ፈሳሽ በጋለ ገጽ ላይ ፈጥኖ ስለሚተን፣ ሰሙ ሳይዳረስ በቦታው ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ለማንሣት የሚደረገው ትግል ራሱ ቀለሙን ይጭራል። በጠራራ ፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ገላው ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ እንደሚችል ስናስብ ትእዛዙ ያለ ምክንያት እንዳልተሰጠ እንረዳለን።

የሰም ንግድ ይህን ያህል የገነነው ግን ቀለሙ ስለተለወጠ ነው። ፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በጥቁር ቀለም ብቻ ያመርት ነበር፤ በምድጃ የሚጋገረው ጥቁር ቀለም ርካሽና ጠንካራ ነበርና። በ1923 ማብቂያ ላይ ግን ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ተባብሮ ያወጣው ዱኮ የተሰኘ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በኦክላንድ መኪኖች ላይ ዋለ፤ መኪኖቹም ሰማያዊ ሆነው ለገበያ ቀረቡ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ፤ የፈለጉትን ኅብረ ቀለም መምረጥም ተቻለ።

ይህ ፍጥነት ግን ዋጋ ነበረው። አዲሱ ቀለም ካልተወለወለ አያበራም፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ገጹ እንደ ኖራ እየቦነነ ይደበዝዛል። መኪናው ከፋብሪካው በር ሲወጣ ያልተፈጸመ ሥራ ይዞ ይወጣ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው ባለቤቱ ወይም ባለቤቱ የቀጠረው ሰው ነው። በቺካጎ በ1910 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሲሞኒዝ ሰም ስም በእንግሊዝኛ መኪናን መወልወል ማለት የሆነ ግሥ እስኪሆን ድረስ የተስፋፋው በዚህ ዘመን ነው። በ1940ዎቹ ደግሞ ዛሬ ተርትል ዋክስ በመባል የሚታወቀው ኩባንያ መሥራች ቤን ኸርሽ፣ ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው፣ የቆሙ መኪኖችን አንድ ጎን ብቻ ወልውሎ ባለቤቶቹን ይጠብቅ ነበር። ግማሹ የሚያበራ፣ ግማሹ የደበዘዘ መኪና ያየ ሰው ቀሪውን ለማስጨረስ ይከፍላል። እኔ ይህን ታሪክ የምጠቅሰው ለብልጠቱ አይደለም፤ ያ ነጋዴ ሌላ ማስታወቂያ ያላስፈለገው ፀሐይ አስቀድማ ሥራውን ስለሠራችለት መሆኑን ለማሳየት ነው።

እጥበቱም በበኩሉ ቀስ በቀስ ወደ ጣሪያ ሥር ገባ። በ1914 እ.ኤ.አ. በዲትሮይት የተከፈተው የአውቶሞቢል ማጠቢያ መኪኖቹን በሰው ጉልበት እየገፋ ከአጣቢ ወደ አጣቢ ያሳልፍ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. በሲያትል ሰው እጁን ሳያስገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማሽን የሚሠራ ማጠቢያ ተከፈተ። ሀብት ባለበት አገር ጥላው በጣሪያና በማሽን ተገዛ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰሙ ራሱ ልሂድ፤ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነውና። እኛ ሰም ስንል የምናስበው የንብ ሰምን፣ ጧፍን ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ65 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ስለዚህ በጋለ የመኪና ጣሪያ ላይ ብቻውን አይበረክትም። የመኪና ሰም ሠሪዎች የመረጡት ካርናውባ የተባለውን ነው፤ ይህ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን ከዕፀዋት ሰሞች ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚገኘውም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴያራ፣ በፒያዊና በሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ ክፍላተ ሀገር ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ነው። ዛፉ ሰሙን የሚያወጣው በረጅሙ የበጋ ወራት ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ውኃውን እንዳይመጥጡበት ነው። አንድ ዛፍ ራሱን ከፀሐይ ለመከለል የሠራውን ልብስ ገፍፈን ለመኪና አለበስነው ማለት ነው።

አገፋፈፉም በፀሐይ ነው። ዝናብ በሌለበት ወቅት ሠራተኞች ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ማጭድ ቅጠሉን ከከፍታ ይቆርጣሉ። ቅጠሉ በሜዳ ተሰጥቶ ለቀናት ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅቶ ዱቄቱ ይራገፋል፤ ዱቄቱም ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይሆናል። በ1935 እ.ኤ.አ. የሰም አምራቹ ኤስ ሲ ጆንሰን ኩባንያ መሪ ኸርበርት ጆንሰን የዚህን ዘንባባ አቅርቦት ለማጥናት ከዊስኮንሲን ተነሥቶ በውኃም በየብስም በምታርፍ አውሮፕላን እስከ ፎርታሌዛ በርሮ ነበር። ኩባንያው ጉዞውን እስከ ዛሬ በኩራት ያወሳዋል። ያን ቅጠል የሚቆርጡትን ሰዎች ስም ግን ማንም አያወሳም። በቅርብ ዓመታት የብራዚል መንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪዎች በካርናውባ አዝመራ ላይ የነበሩ ሠራተኞችን፣ የአገሪቱ ሕግ ከባርነት ጋር የሚመሳሰል ብሎ ከሚጠራው ሁኔታ በተደጋጋሚ አውጥተዋል፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የሌላቸው፣ መጸዳጃ የሌላቸው፣ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ነበሩ።

ወደ አገራችን ስመለስ ቋንቋችን ራሱ ሰነድ ሆኖ ይጠብቀኛል። መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቃላቱ ግን በብዛት የመጡት ከጣልያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ እንላለን። መኪና የሚታጠብበትን ቦታም ላቫጆ እንለዋለን፤ በጣልያንኛ ማጠብ ማለት ነው። ጫማ የሚወለውለውን ልጅ ሊስትሮ የምንለው ደግሞ ጸዳል፣ ማንጸባረቅ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ወስደን ነው። ልብ በሉ፤ በጣልያንኛ የነገሩ ስም የሆነው ቃል በእኛ አንደበት የሠራተኛው መጠሪያ ሆነ። ከተማችን ውስጥ የሌላውን ሰው ንብረት ማጽዳትና ማንጸባረቅ ከገጠር ለመጣ ወጣት የመጀመሪያ የእንጀራ በር ሆኖ እንደኖረ ለመረዳት ከዚህ ቃል የሚቀርብ ምስክር የለም። በባልዲና በጨርቅ የሚሠራው ልጅ ጣሪያ የለውም፤ መኪናው የቆመበት ቦታ ሁሉ የሥራ ቦታው ነው።

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነውና ይህ ሁሉ አይመለከተንም የሚል ቢኖር፣ ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም እላለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከተማችንም ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ቀለም የሚደበዝዘው፣ የሰውም ፊት የሚጠቁረው ብርድ ብርድ በሚል አየር ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ደግሞ ጨረሩና ግለቱ አብረው ይመጣሉ።

የመጨረሻው ምስክሬ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00፣ በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራት ተከልክሏል፤ በሳዑዲ ዓረቢያም ተመሳሳይ ክልከላ አለ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው ለድርጅቶችና ለግንባታ ሥፍራዎች ነው፤ የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። ከእኛ አገር ወደዚያ የሚሄዱት እኅቶቻችን አብዛኞቹ የሚቀጠሩት በቤት ሠራተኛነት ሲሆን፣ የግቢውን መኪና ማጠብ በብዙ ቤት ከሥራቸው ይቆጠራል። የሰሙ ጠርሙስ ላይ መኪናው በፀሐይ እንዳይታጠብ ተጽፏል። የምታጥበዋ ሴት ግን በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፋለች?

ይህን ስል መኪና አይታጠብ፣ ሰምም አይቀባ ማለቴ አይደለም። ንብረትን መንከባከብ ጨዋነት ነው፤ የላቫጆ ሥራም ብዙ ቤተሰብ አሳድሯል። የምለው የታሪክ ነው፦ ከሠረገላው ዘመን ጀምሮ ከ100 ዓመት በላይ፣ ገጹን ከፀሐይ ለመከላከል ኬሚስቶች፣ ነጋዴዎችና መሐንዲሶች በትጋት ሠርተዋል፤ ተሳክቶላቸዋልም። በዚያው ዘመን ገጹን የሚያበራው ሰው ጥላ ማግኘት አለማግኘቱ በአብዛኛው ለዕድል ተትቷል። ጥላ ሥር ሥሩ የሚለው ትእዛዝ ሲፈጸም ሠራተኛውም አብሮ ይጠለላል፤ ሲጣስ ግን የሚቆጨን ለቀለሙ ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ልስጥና ላብቃ። በዚህች ከተማ በላቫጆ ሥራ ያረጁ ሰዎች አሉ። የትኛው መኪና በየትኛው ዘመን እንደመጣ፣ በምን ሳሙና እንደታጠበ፣ ውኃው ከየት ተቀድቶ ወዴት እንደፈሰሰ፣ ስንት እንደተከፈለ ያስታውሳሉ። መዝገብ ቤት ውስጥ የማታገኙትን የከተማ ታሪክ እነሱ ይዘውታል። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ስማቸውንም ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ ጻፉ። ስትጠይቋቸው ግን እባካችሁ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው።