ኩላሊቱን የሰጠው የሒሳብ መምህር

ኦጎልቾ ሲባል ስንዴ ብቻ ትዝ ለሚላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ኩሉምሳ ያወጣው ዘር የከተማችንን ስም ይዞ አገሩን ዞሯል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ስንዴ አይደለም። ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት 12ኛ ክፍል ገብቼ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እያስተማርኩ ነበር። ሆላንድ በጀርመኖች እጅ በነበረችበት ጊዜ ዊለም ኮልፍ የሚባል ወጣት ሐኪም ሰው ሠራሽ ኩላሊት መሥራቱን እግረ መንገዴን አነሳሁ። ዕቃ በጠፋበት በዚያ ዘመን የቋሊማ መጠቅለያ ስስ ሴሎፎን በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠምጥሞ የሰው ደም በውስጡ እያሳለፈ አጠበ። በእ.ኤ.አ. 1943 ሲጀምር ታማሚዎቹ አንድ በአንድ ሞቱበት። በ1945 ግን ራሷን ስታ የመጣች የ67 ዓመት ሴት ዓይኗን ገለጠች። ዛሬ "እጥበት" የምንለው ሕክምና የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ብዬ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ደውል ተደውሎ ስወጣ አንድ ልጅ ተከተለኝ። ዝምተኛ ነው፤ 18 ዓመቱን ሞልቷል፤ ከገጠር ነው የሚመላለሰው። "ቲቸር፣ ኩላሊት የሰጠ ሰው ይሞታል?" አለኝ።

ታላቅ ወንድሙ አዳማ ቤት ተከራይቶ እጥበት ላይ ነው። በሬው ተሽጧል፣ መሬቱም ለኮንትራት ተሰጥቷል። አሁን የቀረው ንቅለ ተከላ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር የሁሉም ዓይን እሱ ላይ አረፈ።

እኔም እንደ ማንኛውም ሰነፍ መምህር "ይሄን የባዮሎጂ ቲቸርህን ጠይቅ" አልኩት።

"ጠይቄያቸዋለሁ። ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ አስረዱኝ። የኔ ጥያቄ ግን የሰጡት ሰዎች በኋላ ምን ሆኑ ነው።"

በቃ፣ አፌን ያዘኝ። የሰጡት ሰዎች በኋላ ምን ሆኑ? ይሄ እኮ የታሪክ ጥያቄ ነው። "አንድ ሳምንት ስጠኝ" አልኩት። ያገኘሁት ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ እዚህ አሰፈርኩት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለት ወንድማማቾች ነው። ሪቻርድ እና ሮናልድ ሄሪክ መንታ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው መለየት የሚያስቸግር ዓይነት መንታ። ሪቻርድ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሬይ እና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ ሰውነት የሌላ ሰው አካል ሲገባበት እንደ ጠላት ይዋጋዋል፤ ፍጹም መንታ ከሆነ ግን ባዕድ መሆኑን አይለየውም። ለማረጋገጥ የአንዱን ቆዳ ቆርጠው ሌላው ላይ ለጠፉ፤ ያዘ። የጣት አሻራቸውን እንኳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አስመረመሩ።

ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር። ሐኪም የሚምለው ላይጎዳ ነው። ሮናልድ ግን ምንም ያላመመው የ23 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለራሱ ሰውነት አንዳች ለማይጠቅመው ነገር እንዴት ቢላ ይነካዋል? የሃይማኖት አባቶችን ሳይቀር አማከሩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ሌሊት ታማሚው ሪቻርድ በወረቀት ጽፎ ወንድሙን ተወው፣ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ሮናልድ መጥቻለሁ፣ አልሄድም ብሎ መልሶ ጻፈለት።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ተሠራ። ተሳካ። ሪቻርድ ስታስታምመው የነበረችውን ነርስ አገባ፣ ልጆችም ወለደ፤ ስምንት ዓመት ኖሮ በ1963 አረፈ። መሬይ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የሰጠውስ? ተማሪዬ የጠየቀኝ እሱን ነው። ሮናልድ የሒሳብ መምህር ሆነ። በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖረ። በ2010 የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ሲሞት 79 ዓመቱ ነበር።

ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። ግን የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፤ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምለው ነው። ስለዚህ ብዙዎቹን የተከታተሉ ጥናቶች ፈለግሁ።

በ2009 የወጣ የሚኒሶታ ጥናት ከ1963 ጀምሮ የሰጡ 3,698 ሰዎችን ተከታትሎ ዕድሜያቸው ከሌላው ሕዝብ እንደማያንስ አሳየ። በ2010 ደግሞ በአሜሪካ ከ80,000 በላይ ለጋሾች ተቆጠሩ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ የሞቱት 25 ናቸው። ከ10,000 ሦስት ሰው ገደማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ለልጁ የሚጥም መልስ ይሆን ነበር። ግን በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለጋሾቹን ከማንም ሰው ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም አሉ፤ ለጋሽ ተመርምሮ፣ ተጣርቶ፣ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ነውና መወዳደር ያለበት እንደሱ ካለ ጤነኛ ጋር ነው። ከ96,000 በላይ ለጋሾችን እንዲህ ሲመዝኑ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ የሆነባቸው ከ10,000 ለጋሾች 31 ገደማ ሆኑ። ካልሰጡት ጤነኞች ግን 4 ገደማ። አደጋው ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ከሰጡት መካከል ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከፍ ይላል።

"ታዲያ እኛስ?" ትሉኛላችሁ። እኔም ይሄው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ለሚታየው ከፍ ያለ የኩላሊት ሕመም አንዱ ምክንያት ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ የዘር ለውጥ ነው፤ ኤፖል ዋን በሚባል ጂን ላይ የሚገኝ። በ2011 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ይሄ አደገኛ ለውጥ እንደሌለባቸው አሳየ። ስለዚህ የአሜሪካውን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ እኛ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ግን ተረጋግተን እንድንተኛም አይደለም። ኩላሊት የሚያደክሙት የደም ግፊት እና ስኳር እኛም ቤት ሞልተዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ንቅለ ተከላ በኢትዮጵያ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው፤ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ። ከአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሞች መጥተው ከኛዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሠሩ፤ ያንን ድልድይ ከዘረጉት አንዷ የኛው ዶክተር ሰናይት ፍስሐ ናት። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ አንድ ነበር፦ ገንዘብ ያለው ለጋሹን ይዞ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ የሌለው መኪና ላይ ፎቶውን ለጥፎ በድምፅ ማጉያ ይለምናል። ያንን መኪና አሰላም፣ አዳማም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

እዚህ የሚሠራው ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው። መሸጥ መግዛት ወንጀል ነው። ይሄ ድሃን ከደላላ ይጠብቃል፤ ጥሩ ነው። ግን ሸክሙ ሁሉ ቤተሰብ ላይ ያርፋል። ያቺ የአንድ ሰው ውሳኔ የዘመድ ጉባኤ ፊት ትወድቃለች።

የዘመድ ጉባኤን ደግሞ አውቀዋለሁ። እስከዛሬ ያልጻፍኩትን ልጻፈው።

በ2005 ዓ.ም፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ፣ ያሳደገኝ አጎቴ በኩላሊት ታመመ። ደብተርና ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። ሕንድ ይሂድ ተባለ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ተባለ፣ ከዚያ አክስቴ "የሚሰጥስ ማነው?" አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ወጣት፣ ጤነኛ፣ ያላገባሁ ነበርኩ። ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ። ማንም ተከትሎ አልጠየቀኝም። ገንዘቡም አልሞላም፤ አጎቴ በአራት ወሩ አረፈ። ዘመድ ሁሉ "ገንዘብ ጠፍቶ ነው" ይላል። እውነት ነው፤ ገንዘቡ አልነበረም። ግን እኔ የወጣሁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ምን እንደፈራሁ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም እንደዚህ ልጅ "የሰጡት ምን ሆኑ?" ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም።

ባውቅ ኖሮ እሰጥ ነበር ማለቴ አይደለም። ምናልባት አሁንም እምቢ እል ነበር። ግን እምቢታዬ የሰው እምቢታ ይሆን ነበር፤ የስልክ ሰበብ አይሆንም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ልጁን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሦስቱን ከ10,000፣ ሠላሳ አንዱንም፣ አራቱንም። የተተከለለት ሰውም ቢሆን ኩላሊቱን ሰውነቱ እንዳይዋጋው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እንደሚውጥ፣ የሰጠውም በየጊዜው ግፊቱንና ኩላሊቱን መመርመር እንዳለበት ነገርኩት። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አልኩት፦ ምርመራው ላይ ሐኪሙን ብቻህን አነጋግር። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ "አልሰጥም" ማለት ትችላለህ፤ ይህን ማለትም ወንድምን መጥላት አይደለም።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ያ ሰውዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር ያልከኝ?" አለ።

"አዎ።"

"እንዳንተ ጠመኔ ይዞ ቆሞ የሚያስተምር?"

"ቆሞ የሚያስተምር።"

ፈገግ ብሎ ሄደ። ምን እንደሚወስን አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም። ለአጎቱ ልጆችና ለታላላቆቹ ግን በሱ ፈቃድ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ቁጭ ብዬ አስረድቻለሁ፤ አንድ ልጅ ላይ ብቻ ዓይን ከሚጣል ሁሉም ተመርምሮ ሁሉም ይወስን ብያለሁ። ሁለቱ ለመመርመር ተነስተዋል።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬ ነገ ሳትሉ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት የኩላሊት ምርመራም ይጠይቅ። ኩላሊት ሲደክም አይጮህም፤ ሲጮህ ብዙ ጊዜ መሽቷል። አጎቴም እግሩ ሲያብጥ "ድካም ነው" ይል ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉባኤ ያለባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ጸጥ ሲል ስልክ አታንሱ። ጠይቁ።

ሰላም ዋሉ።