የልኬት ወጥነት፦ አራት ነው ወይስ አምስት?

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ሞጣ ሳይደረስ የሚገኘው ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። «ጣና» የተባለው፣ ትራኮማ በሚሉት የዓይን በሽታ ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው እዚያ ነው። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመድበው፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየስንት ጊዜው ቢታደል በሽታውን ይበልጥ እንደሚያዳክመው ተፈተሸ። በሽታው መዳከሙ የሚታወቀው ደግሞ ሲለካ ነው። መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው፦ ከዓይን ቆብ ውስጥ ተጠርጎ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ናሙና አንዱ፣ የመርማሪው የገዛ ዓይን ሌላው።

አስቸጋሪው የመርማሪው ዓይን ነው። ትራኮማን በመስክ የሚመረምር ባለሙያ ሁለት ተኩል እጥፍ የሚያጎላ መነጽር አድርጎ የልጁን የላይኛውን የዓይን ቆብ ይገለብጣል። ከዚያም በቆቡ ውስጠኛ ገጽ መሀል ላይ ነጣ ያሉ ቅንጣቶችን ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቀላል አመዳደብ መሠረት ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ቅንጣቶች ከተገኙ ልጁ የበሽታው ምልክት አለበት ተብሎ ይመዘገባል፤ አራት ከሆኑ ግን የለበትም። ልጁ እያለቀሰ፣ እናቱ እያባበለች፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ አንዷ ቅንጣት ግማሽ ሚሊሜትር መሙላት አለመሙላቷን መወሰን ቀላል አይደለም። አንዱ መርማሪ አራት ያለውን ሌላው አምስት ሊል ይችላል። ያው መርማሪም ጠዋት አምስት ያለውን ከሰዓት በኋላ አራት ቢል አይገርምም።

ይህን ችግር የሚመለከተው ሙያዊ ቃል «ሪላያቢሊቲ» ነው። በአማርኛ የምርምር ጽሑፎች ብዙ ጊዜ «አስተማማኝነት» ይባላል። እኛ በዚህ ማብራሪያ «የልኬት ወጥነት» እንለዋለን፤ አስተማማኝ የተባለ ነገር ለብዙ አንባቢ ትክክል የሆነ ነገር ነውና፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው። የልኬት ወጥነት ማለት የሚለካው ነገር ሳይለወጥ ልኬቱ ሲደገም ያው ወይም የተቀራረበ ውጤት መገኘቱ ነው።

በተግባር ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው የመርማሪዎች ስምምነት ነው፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ልጅ ሳይመካከሩ አይተው አንድ ነገር መመዝገባቸው። ሁለተኛው የመርማሪው ከራሱ ጋር መስማማት ነው፤ ለዚህ የዓይን ቆብ ፎቶግራፍ ይመቻል፤ ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ፣ የመጀመሪያ መልሱ ተደብቆ፣ ያንኑ ምስል እንደገና እንዲመድብ ይደረጋል። ሦስተኛው የድጋሚ ልኬት ወጥነት ሲሆን፣ አንድን ሰው በተለያየ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ወይም በአንድ መጠይቅ መለካት ነው።

በሦስተኛው ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሰውየው ራሱ ሊለወጥ ይችላል። በገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ሞጣ የገባ ሰው ሳያርፍ የተለካው የደም ግፊትና ቁጭ ብሎ ካረፈ በኋላ የተለካው ቢለያዩ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። በዐቢይ ጾም የተመዘነ ሰው ከፋሲካ በኋላ ጨምሮ ቢገኝም እንዲሁ። ስለ ድብርት ምልክቶች የሚጠይቅ መጠይቅ ሲሆን ችግሩ በሁለት በኩል ይመጣል፦ ድጋሚው ቶሎ ከሆነ ተጠያቂው የቀድሞ መልሱን አስታውሶ ይደግመዋል፤ ከዘገየ ደግሞ ስሜቱ በእርግጥ ተለውጦ ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪው በልኬቶቹ መካከል ስንት ቀን እንዳለፈና ለምን ያን ያህል እንደመረጠ መግለጽ አለበት።

ወጥነት በቁጥር ሲገለጽ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ለምሳሌ ያህል ሁለት መርማሪዎች 100 ልጆችን አዩ እንበል። 92ቱን ሁለቱም ጤነኛ አሉ፤ ሁለቱን ሁለቱም ታማሚ አሉ። አንደኛው ብቻ ታማሚ ያላቸው ሦስት፣ ሌላኛው ብቻ ታማሚ ያላቸውም ሦስት ናቸው። በ94 ልጆች ተስማምተዋልና እሰየው ያሰኛል። ግን እያንዳንዳቸው 95 ልጆችን ጤነኛ ብለዋል። እንዲህ ጤነኛው ሲበዛ ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢመድቡ እንኳ በአጋጣሚ ብቻ በ90.5 ልጆች ይስማማሉ። ከአጋጣሚ በላይ ሊስማሙበት የቀራቸው 9.5 ነበር፤ ያገኙት 3.5 ብቻ ነው። 3.5 ለ9.5 ሲካፈል 0.37 ገደማ ይሆናል። አንዳቸው እንኳ ታማሚ ካሏቸው ስምንት ልጆች የተስማሙት በሁለቱ ብቻ መሆኑን ስናይ ዝቅተኛው ቁጥር እውነቱን እንደነገረን ይገባናል።

ይህ ስሌት «ካፓ» ይባላል፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄከብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ነው። ፍጹም ስምምነት 1፣ ከአጋጣሚ የማይሻል ስምምነት 0 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኦሮሚያ መስክ የወጣውና እስከ 2016 መጀመሪያ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰው የተመረመረበት ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ሥራ መርማሪዎቹን የፈተነው በዚሁ ነበር። ካፓው ቢያንስ 0.7 ያልደረሰ ሠልጣኝ ለመርማሪነት አልበቃም። እንደ ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ዙሪያ ላሉት በቁጥር ለሚለኩ ነገሮች ሌላ ስሌት አለ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ለሥነ ምግብ ጥናት የሚሠለጥኑ ለኪዎች 10 ሕፃናትን ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካሉ። የክንድ መለኪያዋን ጥብቅ አድርጎ የሳበ ለኪ ከ11.5 ሴንቲሜትር በላይ የሆነውን ክንድ ከዚያ በታች ሊያደርገው፣ ልጁንም ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና ሊያስመዘግበው ይችላል።

ወጥነት ግን ትክክለኛነት አይደለም። ትራኮማ ራሱ ይህን ያሳየናል። መድኃኒት ተሰጥቶ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከጠፋ በኋላም ቅንጣቶቹ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ሁለት ጥሩ መርማሪዎች አንዱን ልጅ አይተው «ምልክቱ አለበት» ብለው በአንድ ቃል ሲስማሙ፣ የላቦራቶሪው ናሙና ባክቴሪያ የለም ሊል ይችላል። መርማሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ የለኩት ምልክቱን ነው፤ ምልክትና ልክፍት ደግሞ እኩል አይጠፉም። ይሁን እንጂ ልኬቱ ወጥ ካልሆነ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከርም አይቻልም፤ መጀመሪያ ተይዞ የሚመረመር ውጤት ያስፈልጋል።

ነገሩ ለምሥራቅ ጎጃም አርሶ አደር ሩቅ አይደለም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ምልክቱ የተገኘባቸው ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ የጅምላ መድኃኒት እደላው ይቆማል። በሽታው ወደዚያ መስመር በቀረበ መጠን መርማሪ ማሠልጠኑም ይከብዳል፤ ሠልጣኙ የሚለማመድበት የታመመ ዓይን ይጠፋልና ብዙውን በፎቶግራፍ ማሟላት ግድ ይሆናል። ካፓውም ከላይ እንዳየነው በጥቂት ልጆች ልዩነት ይወርዳል። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ውጤት ሲነገር መቶኛው ብቻውን አይበቃም፤ መርማሪዎቹ እርስ በርስና ከራሳቸው ጋር ምን ያህል እንደተስማሙ አብሮ ይነገረን። በወረዳው እደላውን ለማቆምም ሆነ ለመቀጠል የሚወስነው ሰው ያለዚህ ቁጥር የሚፈርመው በግምት ነው።