አያት ማን ነው?

አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ክርስትናን በሕግ ተቀበለች። በ1972 ገጣሚው ስቬይንብዮርን ቤይንቴይንሶን ከወዳጆቹ ጋር የኦዲንንና የቶርን ጥንታዊ እምነት የሚያድስ ማኅበር መሠረተ፤ በ1973 መንግሥት ዕውቅና ሰጠው።

የዚህ እምነት ተከታዮች ጽዋ አንሥተው የሞቱ አያቶቻቸውን ስም ይጠራሉ። ክርክሩም የተነሣው ከዚሁ ነው። በአሜሪካ አንዳንዶች እምነቱን ለአውሮፓ ዘር ብቻ ወሰኑት፤ ሌሎች በ2016 «መግለጫ 127» በተሰኘ ሰነድ ተቃወሟቸው።

ታሪክ የሚመሰክረው ለተቃዋሚዎቹ ነው። የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ከአይስላንድ ቀደምት ሴት ሰፋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት የዘር ሐረጋቸው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነበር፤ በባርነት የተወሰዱም ነበሩባቸው። እንግዲህ አያቶችን እናከብራለን እያሉ በሩን በደም መዝጋት፣ እነዚያን እናቶች ከደጅ ማስቀረት ነው።