ቃል የተነፈገው አካል፦ ስለ ሰርከስና ትያትር መለያየት



በዚህ ዘመን ሰርከስ ለማየት ማምሻውን ወደ አዳራሽ የሚገባ ተመልካች ግር የሚያሰኝ ነገር ያጋጥመዋል። ገመድ ላይ የወጣችው አርቲስት መካከል ላይ ቆማ ትናገራለች፤ በጓደኛው ትከሻ ላይ የቆመው ወጣት ሲንገዳገድ ትርኢቱ ስለ ሐዘን ወይም ስለ ስደት እንደሚተርክ ይታወቃል። «ይህ ትያትር ነው ወይስ ሰርከስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ያኔ ነው። ሁለቱን የለያያቸው የጥበብ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በአመዛኙ ሕግ መሆኑን ዛሬ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በለንደን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1737 የወጣው የትያትር ሕግ፣ በንግግር የሚቀርብ ድራማን የንጉሥ ፈቃድ ለያዙ ጥቂት ትያትር ቤቶች ብቻ ወሰነ። በ1768 የቀድሞው ፈረሰኛ ወታደር ፊሊፕ አስትሊ ከቴምስ ወንዝ ማዶ የፈረስ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። የትርኢቱ ሜዳ ክብ ነበር፤ በክብ በሚጋልብ ፈረስ ላይ የቆመ ሰው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይቀለዋልና። የክቡ ስፋትም ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር ገደማ ሆኖ ጸና፤ ዛሬም መለኪያው ይኸው ነው። አስትሊ በፈረሶቹ መካከል ተገልባጮችን፣ በገመድ ላይ የሚራመዱትንና አሥቂኞችን አስገባ። እንዲህ ያሉ መድረኮች ታሪክ መተረክ ሲሹ ሕጉ ከፊታቸው ይቆም ስለ ነበር፣ የቃሉን ሥራ አካል፣ ሙዚቃና ፈረስ ተረከቡት። የባለ ፈቃዶቹ ብቸኛ መብት የተሻረው በ1843 ነው።

በፓሪስም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ናፖሊዮን በ1807 የከተማይቱን ትያትር ቤቶች ቁጥር ወደ ስምንት ዝቅ አደረገ፤ ገደቡ ፈጽሞ የተነሣው በ1864 ነበር። ከአክሮባት ቤተሰብ የወጣው ዣን ጋስፓር ደቡሮ በፊቱና በእጆቹ ብቻ የሚናገረውን ዝነኛ ገጸ ባሕርይ፣ ፒየሮን፣ ያበለጸገው በዚህ ዘመን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኤትየን ደክሩ ድምፅ አልባውን ትያትር ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው። የስፖርት መምህር የነበረው ዣክ ለኮክም በ1956 በፓሪስ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። አካላዊ ትያትር የምንለው ዘርፍ ከእነዚህ መምህራን ብዙ ወርሷል።

ይሁንና ሕጉ ቢሻርም ንቀቱ አልተሻረም። ፈረንሳይ ሰርከስን በባህል ሚኒስቴር ሥር ያደረገችው ገና በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1985 በሻሎን ከተማ ብሔራዊ የሰርከስ ማእከል ተከፈተ። ከአሥር ዓመት በኋላ የማእከሉ ምሩቃን ከኮሪዮግራፈር ዮዜፍ ናጅ ጋር ያቀረቡት «የእስስት ጩኸት» የተሰኘ ሥራ የዘመናዊው ሰርከስ መባቻ ተደርጎ ይቆጠራል። በዚያ ሥራ ተራ በተራ የሚቀርብ የብልኀት ሰልፍ ቀርቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ የሆነ ድርሰት ታየ።

የኢትዮጵያ ሰርከስ መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1991 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ በአካል ብልኀት፣ በአገር ሙዚቃና ጭፈራ ተቃኝቶ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሌሎች ማኅበራዊ ችግሮች መልእክት ያስተላልፍ ነበር። አውሮፓ ለይታ ኋላ መልሳ ያገናኘችው ነገር በእኛ ዘንድ ከጅምሩ አንድ ላይ ቆመ ማለት ነው። ቡድኖች በጅማ፣ በትግራይና በሌሎችም ሥፍራዎች ተከተሉ፤ በ2004 ፈቃት ሰርከስ በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

ይህን ታሪክ ማን ይጽፈዋል? የትያትር ታሪክ ጸሐፊ በቀዳሚነት የሚመረምረው የተውኔት ጽሑፍ ነው። ሰርከስ ግን የጽሑፍ ተውኔት ትቶልን የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው፤ መዝገቡ የተጫዋቾቹ አካልና ትዝታ ነው። በ1990ዎቹ በልጅነታቸው የተገለባበጡት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ትዝታቸው ግን አለ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁን መዝግቡ፤ ፎቶግራፎቻቸውንና የትርኢት ማስታወቂያዎቻቸውን ሰብስቡ። ሰርከስ ለማየት ስትገቡም «እንዴት ቻሉት?» ብላችሁ ካደነቃችሁ በኋላ «ምን እያሉን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አካል ያለ ቃል እንዲሠራ ያስገደደው ሕግ ከተሻረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና፣ ጥናታችንም ቃሉን ሊመልስለት ይገባል።